ኤርሶፍት ሽጉጥ ለ13 ዓመት ልጅ፦ ብርቱካናማው ጫፍ ፖሊስ ፊት ይሠራል ወይ?

ሰላም_ፌርፋክስ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ለልደቱ ኤርሶፍት ሽጉጥ (የፕላስቲክ ኳስ የሚተኩስ የመጫወቻ ሽጉጥ) ግዙልኝ ብሏል። ያሳየኝ ግሎክ የሚባለው እውነተኛ ሽጉጥ ቅጂ ነው። ክብደቱም፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍም፣ ካዝናውም ቁርጥ እውነተኛውን ነው። የሚለየው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ብርቱካናማ ቀለበት ብቻ ናት። አባቱ "ምልክቱን ያስደረገው ሕግ ስለሆነ ፖሊስ ያውቀዋል" ይላል። እኔ ግን የውሸት ሽጉጥ ይዞ ፖሊስ የገደለው የክሊቭላንዱ ልጅ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ያ ምልክት በእርግጥ ይጠብቃል? ከገዛንስ የት ይጫወትበት፣ እንዴትስ ይያዝ? ወይስ ጭራሽ ባይገዛ ይሻላል? እባካችሁ "አትግዢ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። ለልጁም ለአባቱም ምክንያቱን ማስረዳት አለብኝ።


አድማስ_ዲሲ

እህቴ፣ ከምልክቱ ልጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እሱ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ምልክቱ የመጣው ኮንግረስ በ1988 ባወጣው ሕግ ነው፤ ከሜይ 1989 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሕጉ አስመስለው የተሠሩ መሣሪያዎች ሲመረቱ፣ ወደ አገር ሲገቡ፣ ሲጓጓዙና ሲሸጡ አፈሙዛቸው ላይ የማይነቀል ደማቅ ብርቱካናማ መሰኪያ እንዲኖራቸው ያዛል። መሰኪያው ከአፈሙዙ ጫፍ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። መሰኪያው ከሌለ ደግሞ የአፈሙዙ ጫፍ ዙሪያውን ብርቱካናማ መሆን (ኤርሶፍት ላይ ያለችው ቀለበት ይህች ናት)፣ ወይም ዕቃው ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ መሠራት፣ ወይም መላ አካሉ ነጭ ወይም ደማቅ ቀለም (ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ወዘተ) መሆን አለበት።

ልብ በይ፣ ሕጉ የያዘው አምራቹን፣ አስመጪውንና ሻጩን ነው። ዕቃው አንዴ ቤት ከገባ በኋላ ልጁ ምልክቱን ቢነቅለው የፌዴራሉ ሕግ እሱን አይመለከትም። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ግን ምልክቱን መንቀል ወይም መቀባት ራሱን ወንጀል አድርገውታል። ሌላው ቀዳዳ ደግሞ ትናንሽ የብረት ጥይቶችን በአየር ግፊት የሚተኩሱት የተለመዱት የቢቢና የፔሌት መሣሪያዎች ከግዴታው ነፃ መሆናቸው ነው። 4.5 ሚሊሜትር የብረት ኳስ የሚተኩስ፣ በ12 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራ፣ መላ አካሉ ጥቁር ብረት የሆነ ሽጉጥ ያለ አንዳች ምልክት በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። ኤርሶፍት 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ኳስ ነው የሚተኩሰው፤ እሱ ላይ አስመጪዎቹ ምልክቱን ያደርጉበታል።

አሁን ምልክቱ ለምን እንደማይሠራ። ሽጉጦቹ ላይ ያለችው ቀለበት ቀጭን ፕላስቲክ ናት፤ በማጣበቂያ ነው የምትያያዘው። ሽጉጡ አንዴ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ትሰነጠቃለች። ረጃጅሞቹ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ የሚዞር 14 ሚሊሜትር ጥርስ አለ፤ ብርቱካናማው ጫፍ በእጅ ተፈቶ ይወጣል። ቀለም የሚቀባ ልጅም አለ፣ ዋናው ደስታው እውነተኛ መምሰሉ ስለሆነ። አንድም ነገር ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ፣ ሽጉጡን ልጁ ወገቡ ላይ ከሻጠው አፈሙዙ ሱሪው ውስጥ ነው። ከውጭ የሚታየው እጀታውና የኋላው ብረት ብቻ ነው። አንድ ሰው አይቶ 911 የሚደውለውም፣ ፖሊሱ መጀመሪያ የሚያየውም ያንን እጀታ ነው።

ሲመሽ ደግሞ በቢጫ የመንገድ መብራት ሥር ብርቱካናማና ነጭ አይለዩም። በቀጥታ ወደ ሰው የዞረ አፈሙዝ በጥላ ውስጥ ጥቁር ቀዳዳ ይመስላል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ እውነተኛ ሽጉጥም አፈሙዙ ብርቱካናማ ሊቀባ ስለሚችል ፖሊሶች የሚሠለጥኑት "ቀለም ምንም አያረጋግጥም" ተብለው ነው። ያው የ1988ቱ ሕግ ምልክቱ እንዲፈተሽ አዝዞ ነበር፤ የፍተሻው ድምዳሜ ምልክቱ ፖሊስ እውነተኛውን ከአሻንጉሊቱ እንዲለይ አይረዳውም የሚል ሆነ። ምልክቱ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ካሊፎርኒያ ግን ከ2016 ጀምሮ ጨመር አድርጋበታለች፦ በሽጉጥ ዓይነቱ ላይ ከአፈሙዙ ቀለበት ሌላ የቃታው ዙሪያ በሙሉ የሚያበራ ቀለም እንዲሆን፣ እጀታውም 2 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የሚያበራ ቀለም እንዲጠመጠም። እጀታው ላይ መሆኑ ቁም ነገር አለው፤ ወገብ ላይ ሲሻጥ የሚታየው እሱ ነውና። ቨርጂኒያ ውስጥ የምትገዙት ግን ይህ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ አባቱ "ሕግ ያስደረገው ነው" ማለቱ ልክ ነው፤ "ፖሊስ ያውቀዋል" ማለቱ ግን ልክ አይደለም።


ጣና_ዳር

አድማስ በዕቃው በኩል ተናግሯል፤ እኔ በፖሊሱ በኩል የሚሆነውን ልጨምር። አደጋው ፖሊሱ ሽጉጡን ከማየቱ በፊት ነው የሚጀምረው፦ ከስልክ ጥሪው።

ታሚር ራይስ 12 ዓመቱ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 2014 ክሊቭላንድ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ብርቱካናማ ጫፉ የሌለ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ነበር። 911 የደወለው ሰው ሽጉጡ "ምናልባት የውሸት ነው" ብሏል፣ ልጁም "ምናልባት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው" ብሏል። ስልኩን የተቀበለው ክፍል እነዚህን ሁለት ነገሮች ኮምፒውተሩ ላይ አላስገባቸውም። ስለዚህ በሬዲዮ ለፖሊሶቹ የደረሰው ሽጉጥ እያወጣ ሰው ላይ የሚደግን ሰው አለ የሚል ነው። መኪናቸው ሳሩን አቋርጦ ልጁ አጠገብ ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ጥይቱ እስኪተኮስ ሁለት ሰከንድ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ለአራት ደቂቃ ያህል የመጀመሪያ ዕርዳታ የሰጠው አልነበረም። በማግስቱ ሞተ።

የባለሙያ ዓይን የሚያርፈው መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ ነው። 30 ወይም 40 ሜትር ርቀው፣ የመኪናውን ሞተር ከለላ አድርገው፣ በድምፅ ማጉያ ቢናገሩ ኖሮ ለማየትና ለመጠየቅ ጊዜ ይኖራቸው ነበር። ከለላ የሌለው፣ ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ፖሊስ ግን የሰውየው እጅ ወደ ወገቡ ሲንቀሳቀስ ካየ ቆይቶ የሚያጣራበት ጊዜ የለውም። እጅ ከወገብ ሽጉጥ አውጥቶ ለመተኮስ ከአንድ ሰከንድ በታች ይበቃዋል፤ ፖሊሱም ይህንን ተምሮ ነው የሚመጣው። ያን ጠባብ ሁኔታ የፈጠረው ግን የራሱ የፖሊሱ አነዳድ ነው።

ግራንድ ጁሪው (ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ) በ2015 መጨረሻ ክስ አልመሠረተም። ከተማው በ2016 ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የፌዴራሉ ምርመራ በ2020 ማብቂያ ያለ ክስ ተዘጋ።

ለምን ክስ አይኖርም የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ጋርነር በተባለው ጉዳይ፣ በ1989 ደግሞ ግራሃም በተባለው ጉዳይ ያስቀመጠው መለኪያ አለ። የሚጠየቀው "ሽጉጡ እውነተኛ ነበር ወይ?" አይደለም። "በዚያ ቦታ የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ፣ በዚያች ቅጽበት ከሚያውቀው ተነሥቶ፣ ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብሎ ማመን ይችል ነበር ወይ?" ነው። አሻንጉሊት መሆኑ በኋላ መታወቁ በዚህ መለኪያ ሚዛን አያነሣም። ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ጥይቱ የተተኮሰባትን የመጨረሻዋን ሰከንድ ብቻ ነጥለው ያዩ ነበር። በሜይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባርንስ እና ፊሊክስ በተባለው ጉዳይ ይህ ስሕተት ነው፣ ወደዚያች ሰከንድ ያደረሰው ሁሉ አብሮ ይታይ ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከአሁን በኋላ መኪናው የት ቆመ የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ውስጥ በቀላሉ አይገፋም። ግዛቶችም የየራሳቸውን ጨምረዋል፦ ሜሪላንድ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ኃይሉ "አስፈላጊና ተመጣጣኝ" እንዲሆን ትጠይቃለች፤ ካሊፎርኒያም ከ2020 ጀምሮ ገዳይ ኃይል አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይላል።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት አይካት የሚባለው ሁኔታን የማርገቢያ ስልጠና የተዘጋጀው በዋናነት ጠመንጃ ላልያዘ ሰው ነው፤ ቢላ ወይም ዱላ ለያዘ፣ የአእምሮ ሕመም ለተነሣበት። ሽጉጥ ያየ ፖሊስ ከዚያ መደብ ይወጣል። ልጁ በእጁ የያዘው ፕላስቲክ ቢሆንም የሚገባው በሽጉጥ ታጣቂ መደብ ነው። ዋሽንግተን ፖስት በ2015 እና በ2016 ብቻ እውነተኛ የሚመስል መሣሪያ ይዘው በፖሊስ የተገደሉ 86 ሰዎች ቆጥሯል።


መቅደላ

ሁለታችሁም ያላችሁት ትክክል ነው፤ ግን ያልተነሣ ነገር አለ፣ እሱ ሳይነሣ ለዚህች እናት መልስ ተሰጠ ማለት አይቻልም። ልጃችን ቤት ውስጥ ሐበሻ ነው፤ መንገድ ላይ ጥቁር ወንድ ልጅ ነው። ክሊቭላንድ ላይ ፖሊሶቹ በሬዲዮ የ12 ዓመቱን ልጅ "20 ዓመት ገደማ" ነው ያሉት። በ2014 የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት ላይ ተሳታፊ የነበሩ ፖሊሶች በከባድ ወንጀል የተጠረጠሩ ናቸው የተባሉ ጥቁር ወንድ ልጆችን ዕድሜ ከ4 ዓመት ተኩል በላይ አስበልጠው ነበር የገመቱት። የ13 ዓመት ልጅሽን በዚህ ስሌት 17 ወይም 18 አድርጊው። "ልጅ መሆኑን ያያሉ" በሚል ተስፋ ላይ ምንም አትገንቢ።

በዚያው ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ጆን ክሮፎርድ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ዋልማርት ውስጥ ከመደርደሪያ ላይ ከካርቶኑ የወጣ የፔሌት ጠመንጃ አንሥቶ ስልክ እያወራ ሲሄድ ተገደለ። ዕቃውን የሚሸጠው ያው ሱቅ ነው፤ ኦሃዮ ደግሞ እውነተኛ ጠመንጃ እንኳ በግልጽ ይዞ መሄድ የሚፈቀድባት ግዛት ናት። ደዋዩ "ሰው ላይ እየደገነ ነው" አለ፤ ፖሊሶቹ የመጡት ያንን ይዘው ነው። ይህን የማነሣው ሁሉንም ነገር በልጁ ጠባይ ላይ ጭነን "እንዲህ ቢያደርግ አይነካም" ብለን እንዳናስተምረው ነው። ተጠያቂነቱ የሚተኩሰው አካል ነው፤ እኛ የምናደርገው ልጁ እዚያ ሁኔታ ውስጥ እንዳይገባ መንገዱን ማጥበብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጥቁር የሽጉጥ ቅጂ አትግዙ። ጨዋታውን ግን አትከልክሉት፤ ኤርሶፍት ስፖርት ነው፣ ሜዳ አለው፣ ሜዳዎቹ መሣሪያና መነጽር ያከራያሉ። ልጁ እዚያ ሄዶ ይጫወታል፣ ሲወጣ መልሶ ባዶ እጁን ይወጣል። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ ከሌለ መንገድ ላይ የሚወጣ ሽጉጥ የለም። መነጽሩን ከቤት ግዙለት፦ ዙሪያውን ገጥሞ የሚዘጋ፣ ዜድ 87.1 የሚባለውን የደኅንነት ደረጃ የሚያሟላና "Z87+" የሚል ምልክት የታተመበት። ተራ የፀሐይ መነጽር አይሆንም፤ በ0.20 ግራም ኳስ በሰከንድ 350 ጫማ የሚወጣ ኤርሶፍት (ብዙ የቤት ውስጥ ሜዳዎች የሚፈቅዱት እስከዚያ ገደማ ነው) ዓይን ያጠፋል።

ልጁ "የራሴ ይሁን" ካለ፣ መላ አካሉ ሰማያዊ ወይም ውስጡ የሚታይ ይሁን። አይወደውም፤ እናውቃለን። የማይወደው እውነተኛ ስለማይመስል ነው፣ እኛም የምንፈልገው ያንኑ ነው።


የካ_ሰፈር

አባቱ ካሸነፈና ከተገዛ፣ ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው።

ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ቁልፉ ወላጅ ዘንድ ይሁን። ልጁ ብቻውን ማውጣት የለበትም፤ ጓደኛ ሲመጣ "ላሳይህ" የሚባለው ጊዜ ዋናው አደጋ ነው፣ ፎቶና ቪዲዮም ጭምር። በስልክ የተላከ የሽጉጥ ፎቶ ጫፉ ከተቆረጠ ማንም አይለየውም፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ማስፈራሪያ ሆኖ ነው የሚነበበው።

ወደ ሜዳ ስትወስዱት ካዝናው ይውጣ፣ ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪው ይነቀል፣ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ጋዙ ይለቀቅ። ከዚያ ወደማያሰጋ አቅጣጫ አንዴ ወይም ሁለቴ ተኩሱበት፤ ካዝና ወጥቶም ውስጥ የጎረሰች አንድ ኳስ ትቀራለች፣ ሰው የሚጎዳውም በእሷ ነው። አፈሙዙ ላይ በላስቲክ የሚታሰር የጨርቅ መሸፈኛ ይደረግ። ከዚያ ከውጭ ምን እንደያዘ የማያሳይ፣ በዚፕ የሚዘጋ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ቦርሳ አይሁን። ከአፓርትመንቱ በር እስከ መኪናው ድረስም በቦርሳው ውስጥ ነው፤ "እዚህ ቅርብ ነው" ብሎ በእጅ መያዝ የለም። ኮሪደሩ፣ ሊፍቱና የመኪና ማቆሚያው ጎረቤት የሚያይበት ቦታ ነው። በረንዳም እንደዚያው። የጋራ ግቢ ላይ መተኮስ ደግሞ የኪራይ ውላችሁን ሊጥስ ይችላል፣ አንብቡት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተሞችና ካውንቲዎች የአየር መሣሪያ የት እንደሚተኮስ የራሳቸውን ደንብ ማውጣትና ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳይጠቀም ማስገደድ ይችላሉ፤ የፌርፋክስን ደንብ ከካውንቲው ጠይቁ።

በመንገድ ላይ ፖሊስ መኪናውን ካስቆመ፣ እጅ መሪው ላይ ይሁን። ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ማንም አይንካ። ሻንጣውን መክፈት ካስፈለገ አስቀድማችሁ ውስጡ ኤርሶፍት እንዳለ ተናገሩ፣ ከዚያ የሚሉትን ጠብቁ።

በአውሮፕላን ሲሆን፣ አሻንጉሊትም ቢሆን ሽጉጥ የሚመስል ነገር ወደ መንገደኛ ክፍል አይገባም፤ በሚጫን ሻንጣ ብቻ ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ልጅ ስጦታ ብሎ መውሰድን ግን ከነጭራሹ አልመክርም። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ለማስረዳት የሚከብድ ዕቃ ነው።

አሁን ልጁ የሚማረው። ፖሊስ ከጮኸበት፦

በእጁ ከሆነ ጣቶቹን ይክፈት፣ በራሱ ይውደቅ። ጎንበስ ብሎ አያስቀምጥ፣ አይወርውር። ሰውነቱን ወደ ድምፁ አያዙር። ሳንታ ሮዛ፣ ካሊፎርኒያ በኦክቶበር 2013 የ13 ዓመቱ አንዲ ሎፔዝ የክላሽ ቅጂ ኤርሶፍት ይዞ ሲሄድ ከኋላው "ጣል" ብለው ጮኹበት፤ ወደ ድምፁ ሲዞር ነው የተተኮሰበት። ልጅ ስሙን ቢጠሩት እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ስለዚህ ይህ በቃል ተነግሮ የሚቀር አይደለም፣ በባዶ እጅ ቆሞ ይለማመደው። (የሳንታ ሮዛው ካውንቲ በ2018 ለቤተሰቡ 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።)

ወገቡ ላይ ወይም ቦርሳው ውስጥ ከሆነ በጭራሽ አይንካው፤ "ጣለው" ቢሉትም እንኳ። ሁለት እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ፣ መዳፉን ከፍቶ፣ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ኤርሶፍት መሆኑንና ወገቡ ላይ እንዳለ፣ እጁንም እንደማያንቀሳቅስ ይናገር። አውጥቶ "አሻንጉሊት ነው፣ እዩት" ማለት ከሁሉ የከፋ ነው። ንጹሕ ልጅ መጀመሪያ የሚመጣለት ግን ይኸው ነው፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩት።

አይሩጥ። በጁን 2024 ዩቲካ፣ ኒውዮርክ ከምያንማር የመጣ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ፣ 13 ዓመቱ፣ የግሎክ ቅጂ ይዞ ከፖሊስ ሲሮጥ ተይዞ መሬት ላይ ሳለ ተተኩሶበት ሞቷል።

ሁለት ፖሊሶች የሚጋጭ ትእዛዝ ሊሰጡ ይችላሉ፦ አንዱ "አትንቀሳቀስ"፣ ሌላው "ጣል"። ጣት መክፈት ሁለቱንም ይፈጽማል። ከዚያ እንደ ድንጋይ ይቁም።


ሰላም_ፌርፋክስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የአንዲ ሎፔዝን ነገር ለአባቱ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ጄል የሚተኩሱት ባለ ቀለሞቹስ ይሻላሉ? ሁለተኛ፣ ልጁ ወይም ጓደኛው ውጭ ይዞት ታይቶ ሰው 911 ቢደውል፣ ወይም ራሴ መደወል ቢኖርብኝ ምን ልበል? ትምህርት ቤት ቢገኝበትስ? እኛ ገና ግሪን ካርድ ላይ ነን።


ጣና_ዳር

ጄሉ፦ በውኃ የራሰች 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ለስላሳ ኳስ ነው የሚተኩሰው፤ አብዛኛው ብሩህ ቀለም አለው፣ ስለዚህ በዓይን ሲታይ ይሻላል። ነገር ግን ጥቁሩም ይሸጣል፣ ዓይንም ይጎዳል። በ2022 ደግሞ ልጆች ከመኪና ላይ ሆነው መንገደኛ ላይ እየተኮሱ ቪዲዮ የሚለጥፉበት ዘመቻ ብዙ ወጣቶችን ለእስር አድርሷል። ከመኪና መስኮት ወጥቶ የሚታይ አፈሙዝን ሰው በቀለሙ አይለየውም።

ስለ 911። የውሸት መሆኑን ካወቅሽ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ እሱ ይሁን፤ ከአድራሻው ቀጥሎ፣ ከምንም ነገር በፊት። በእንግሊዝኛ "ኤርሶፍት ጋን፣ ኖት ሪል፣ ቻይልድ፣ ሰርቲን" ብትዪ በቂ ነው። የልጁን ልብስና የልብሱን ቀለም፣ ሽጉጡ በእጁ ይሁን ወገቡ ላይ ይሁን ተናገሪ። ከዚያ "ይህን ለፖሊሶቹ ነግራችኋቸዋል ወይ?" ብለሽ ጠይቂና መልስ ጠብቂ። ክሊቭላንድ ላይ የተበጠሰው ገመድ እዚያ ነው፤ ደዋዩ ተናግሮ ነበር፣ ቃሉ ግን አልተላለፈም። ስልኩን አትዝጊ። ነገሩ ከተለወጠ (ለምሳሌ ልጁ ሽጉጡን ቤት አስገብቶ ከወጣ) ወዲያው ንገሪያቸው፣ መስመሩ ከተቋረጠም ደግመሽ ደውዪ። እንግሊዝኛ ከከበደሽ "አምሃሪክ" የሚለውን አንድ ቃል በዪ፤ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ፣ ጥቂት ይቆያል። ስለዚህ አድራሻውንና "ኖት ሪል" የሚለውን አስተርጓሚው ሳይገባ በፊት በራስሽ አንደበት ተናገሪ። ፌርፋክስን ጨምሮ በብዙ አካባቢ ለ911 የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል፤ በእንግሊዝኛ አሳጥረሽ ጻፊ።

ፖሊስ ከደረሰ በኋላ ወደ ልጁ እየሮጥሽ አትሂጂ። እናት ይህን መስማት ይከብዳታል፤ ግን በሁለት የተደገኑ መሣሪያዎች መካከል የገባ ሰው ሁኔታውን ያባብሰዋል። ቆመሽ፣ እጅሽን አሳይተሽ፣ እናቱ መሆንሽንና ኤርሶፍት መሆኑን ደጋግመሽ ጩኺ።


አድማስ_ዲሲ

ሕጉ ላይ ልዝጋው። ቨርጂኒያ ውስጥ የአየር መሣሪያም ሆነ ሽጉጥ የሚመስል ማንኛውም ነገር ሰውን በሚያስፈራ መንገድ መደገን ወይም ማሳየት ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ) ነው፦ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወይም ከግቢው በ1,000 ጫማ (300 ሜትር ገደማ) ርቀት ውስጥ ባለ የሕዝብ ቦታ ላይ ከሆነ ወደ ክላስ 6 ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ያድጋል፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። አንዳንድ አፓርትመንቶች አጠገብ ያለው መንገድ በዚያ ርቀት ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ካርታ አውጥታችሁ ለኩ።

ትምህርት ቤት ይዞ መገኘት ሳይደግንም ያስባርራል። የግዛቱ ሕግ የአየር መሣሪያን ከእውነተኛው ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ቢያንስ የአንድ ዓመት መባረር ያዛል፤ ልዩ ሁኔታ መኖሩ ከታመነ ግን ቅጣቱ ሊቀነስ ይችላል። "ቦርሳው ውስጥ ረስቼው ነው" የሚለው እዚያ ላይ ነው የሚቀርበው፣ ስለዚህ የሜዳ ቦርሳና የትምህርት ቤት ቦርሳ በጭራሽ አንድ አይሁን።

በውሸት ሽጉጥ ዘረፋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1980 ጀምሮ እውነተኛ የሚመስል የቢቢ ሽጉጥ በዘረፋ ላይ እንደ ሽጉጥ ይቆጠራል ብሏል፤ በዚያ ክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለ ሰው 3 ዓመት የማይቀነስ እስራት አለበት። ታላላቅ ልጆች "እስቲ ያንተን አበድረኝ" የሚሉበት ምክንያት ለልጁ ይነገረው።

13 ዓመት ልጅ ከተያዘ ጉዳዩ የሚታየው በወጣቶችና ቤተሰብ ፍርድ ቤት ነው። ከ2020 ወዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ የተያዘ ልጅ ከመጠየቁ በፊት ለወላጅ መነገርና ልጁ ከወላጁ ጋር መገናኘት አለበት። እሱን ጠይቁ፤ ጠበቃ እስኪመጣም ልጁ ስለ ነገሩ አይናገር።

ግሪን ካርዱን በተመለከተ፦ የወጣት ፍርድ ቤት ውሳኔ በኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ወንጀል ጥፋተኝነት አይቆጠርም። ለዜግነት ወይም ለሌላ ማመልከቻ ሲጠየቅ ግን መዝገቡ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ አይናቅ። ዕድሜው 18 የሞላ ወንድም ወይም አባቱ በዚሁ ሽጉጥ ቢከሰስ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ይለያል። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ "ጥፋተኛ ነኝ" ብሎ መፈረም ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ፓዲያ በተባለው ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ የስደት መዘዙን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። መንግሥት የመደበው ጠበቃም ቢሆን፣ ከመፈረማችሁ በፊት "ይህ ግሪን ካርዴ ላይ ምን ያደርጋል?" ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።